በሶሉ ላይ የጠመኔ መስመር

«ምቺው! ምቺው እንጂ! ግድግዳውን ምን ታባብዪዋለሽ?»

ጫማ ለኪው ሰውዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ልጅቷ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበችና ግድግዳው ላይ የተመታውን ጣውላ በጫማው አፍንጫ ነረተችው። አውራ ጣቷ ከጫማው ጫፍ ጋር ተላተመ። ሕመሙ እስከ ጉልበቷ ወጣ፤ በፊቷ ላይ ግን እንዳይታወቅባት ቶሎ ፈገግ አለች።

«ነካሽ?»

«ኧረ ምንም አይልም፣ ጋሼ።»

«ምንም ይላል ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም። ጣትሽ ነካ ወይስ አልነካም?»

«አልነካም።»

ቤት ውስጥ ቁንጫ ነው የሚሏት፤ በአራት ዓመቷ ዘላ ቁምሳጥን ላይ ወጥታ አልወርድም ካለች ወዲህ ማንም በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። ከነገ ወዲያ፣ እሑድ፣ ከወጣቶች የተራራ ክበብ ጋር በረዶ ሆኖ የረጋውን ፏፏቴ ትወጣለች። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ስትለማመድ የከረመችው ለዚች አንድ ቀን ነው።

እግሯ ላይ ያለው ብርቱካንማ የበረዶ ጫማ የታላቅ እህቷ ነው። እህቷም ምርኩዟን ከጎኗ አስደግፋ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ዓመት ወድቃ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሐኪሟ «አሁን ዳገትና ቁልቁለት ተለማመጂ» ካላት ወር አልፎታል፤ እሷ ግን ከምርኩዟ ጋር ተዋዳ ቀርታለች። የተራራ ወሬ ሲነሳም ክፍሉን ጥላ ትወጣ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ጫማውን ከአልጋ ሥር አወጣችው። አቧራውን አራገፈች፣ ቆዳውን ቀባች፣ ማሰሪያውን አጥባ አሰጣች። ከዚያ ቁንጫ ጭን ላይ አስቀመጠችላትና «እኔ መሄድ ባልችል ጫማዬ ይሂድ» አለቻት። ያለችው ደግሞ እየሳቀች ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ!

እንዲህ ተብሎ የተሰጠን ጫማ «ጠበበኝ» ማለት ጭካኔ ነው።

ጠቧል ደግሞ። መጀመሪያ የሞከረችው ጠዋት፣ ከአልጋዋ እንደወረደች ነበር፤ ያኔ ልክ ሆኖላት ቤቱን በጭፈራ አንቀጠቀጠችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ያው ጫማ በስንት ትግል ገባላት። አብራት በአንድ ገመድ የምትወጣው ጓደኛዋ ይህን ስትሰማ «አታካብጂ ባክሽ! በስስ ካልሲ ግቢበት። ካልሲሽን ማን ያየዋል?» አለቻት። ቁንጫም ወፍራሙን ካልሲ ቦርሳዋ ውስጥ ጠቅልላ፣ በትምህርት ቤት ካልሲዋ መጣች።

ሰውየው ግን በቀላሉ የሚሸወዱ አይደሉም። በራቸው ላይ በትልቁ «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እግር አይለካም» ብለው ጽፈዋል። እግር ጠዋት ስብስብ ብሎ ይነሳል፣ ሲውል ደግሞ ያብጣል፤ በጠዋት እግር ጫማ የመረጠ ከሰዓት ያለቅሳል ይላሉ። በነገሩ የማይስቅ የለም፤ ቢሆንም ከክበቡ ልጆች እሳቸው ጋ ሳይመጣ በረዶ የረገጠ የለም።

«በይ፣ ወደ ሳንቃው።»

ከሱቁ ጥግ አንድ ጫፉ ከፍ ብሎ የተጋደመ ሰፊ ሳንቃ አለ። ቁንጫ ሽቅብ ወጣች። ተረከዟ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ እስከዚህ ደህና ነው። ቁልቁል ስትወርድ ግን አምስቱም ጣቶቿ ወደ ፊት ተገፍተው አንዱ ባንዱ ላይ ወጣ።

«እንዴት ነው?» አሉ።

«አሪፍ ነው።»

«አላልኩም!» አለች እህቷ ከአግዳሚው ላይ። «እግሯ በእኔ ነው የወጣው!» ደስታዋ ቁንጫን አንጀቷን በላት።

ሰውየው ጎንበስ ብለው የጫማውን አፍንጫ በጣታቸው አንኳኩት። «ስሚኝ። በረዶ ላይ ጣትሽ እንደልቡ ካልተንቀሳቀሰ ደም አይደርሰውም። መጀመሪያ ያምሻል፣ ቀጥሎ ማመሙን ይተዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሲተው ነው።»

ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። ወጋቸው ነው፤ ልክ የሆነ ጫማ ሶሉ ላይ ነጭ መስመር ይሰመርበታል። እሑድ ጠዋት የክበቡ አሠልጣኝ ሶሉን ገልብጣ መስመሩን ካላየች ማንንም ገመድ ላይ አታስርም። መስመሩን የሚያሰምሩት ግን እሳቸው አይደሉም፤ ጫማውን ያደረገው ሰው ራሱ ነው።

«እኔ የማየው ከላይ ከላዩን ነው» አሉና ጠመኔውን ሰጧት። «ውስጡን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ቁንጫ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እግሯን ጭኗ ላይ ሰቀለች። ፊት ለፊቷ የሚከራዩት ጫማዎች በየቁጥራቸው ተሰቅለዋል። ከእህቷ ቁጥር ቀጥሎ ያለው መስቀያ ባዶ ነው፤ «እስከ ሐሙስ ወጥቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ስለዚህ እውነቱን ከተናገረች እሑድ የለም ማለት ነው። እህቷ ደግሞ ፎቶ ልታነሳት ስልኳን ደግና ትጠብቃለች።

ጠመኔው ሶሉን ነካ። አንድ መስመር፣ በቃ፤ ማን ያውቃል? ፏፏቴው መሀል ላይ እግሯ ቢደነዝዝስ? ያቺ ጓደኛዋ ከታች ሆና ገመዱን ይዛ ስትጮህ ታየቻት።

እግሯን አወረደች።

«ጋሼ፣ ይነካል» አለች ጠመኔውን መልሳ እየዘረጋች። «ካልሲውም የትምህርት ቤት ነው።»

«ስንቱ ጣት ነው የሚነካው?»

«አምስቱም።»

ሰውየው ሳቃቸው አመለጣቸው። እህቷ ግን አልሳቀችም፤ ስልኳን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጫማዬ ይሂድ ስላልሽኝ ነዋ» አለች ቁንጫ፤ እንባዋ መጣ። «ደስ ብሎሽ ነበር። እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«አንቺ ሞኝ! ጣትሽን ቆርጠሽ ልትሄጂልኝ ነበር?» እህቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ታዲያ ይሄ ጫማ አሁን ለእኔ ምን ይሠራልኛል?»

«ያንቺ ልክ ነው እኮ!» አለች ቁንጫ፣ ሳታስበው ጮክ ብላ።

ሰውየው ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

«ዘጠኝ ተኩል ሆኗል» አሉ። «እግር ይለካል።»

ቁንጫ ጫማውን አውልቃ ወፍራሙን ካልሲ ከቦርሳዋ አወጣችና እህቷ እግር ሥር ተንበረከከች። እህቷ አይሆንም ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን እግሯን አልሰበሰበችም። ማሰሪያው ሲጠብቅ ትንፋሿን ዋጠች። ምርኩዙን አግዳሚው ላይ ትታ፣ የቁንጫን ትከሻ ይዛ ሳንቃውን ወጣች። አናቱ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እያለች ወረደች።

«ነካሽ?» አሉ ሰውየው።

«አልነካኝም» አለች።

«እሑድ እኔም እስከ ፏፏቴው ሥር መሄዴ አይቀርም» አለች ቁንጫ። «ሻይ ተሸክሜ፣ በዚሁ በትምህርት ቤት ጫማዬ። የእኔ ተራ ሐሙስ የኪራዩ ጫማ ሲመለስ ነው። መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ቀስ ብለን ብንሄድ...»

እህቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እጇን ወደ ሰውየው ዘረጋች። ጠመኔውን ሰጧት።

ቁንጫ የእህቷን እግር ብድግ አድርጋ ሶሉን ወደ ላይ አዙራ ያዘችላት።

«ቀጥ አድርገሽ አስምሪው፣ እንዳታጣምሚው» አለቻት።