ፊልሙን ያቃጠለው እጅ

ጋሽ ገብረየስ ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው ፎቶ ቤታቸው ውስጥ በግንባራቸው እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የካሜራ ማቆሚያ ወድቋል፤ የአንደኛውን እግሩን ጫፍ ደም ነክቶታል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ትንንሽ የፊልም ካሜራዎች ተደርድረዋል። የአንዷ፣ የቀላሏ፣ የጀርባ ክዳን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ታኅሣሥ 2008 ነው። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሳው ተቃውሞ መንገዱ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ስለተዘጋ፣ ኢንስፔክተር ማሪቱ ከሰበታ ለመድረስ የቀረውን ሁለት ኪሎ ሜትር በእግሯ ኳትናለች። እግሩን ያመመው ሰው ደግሞ የማይረባ ወሬ የመስማት ትዕግሥት የለውም።

«ገዳይዋ ተይዛለች!» አለ ኮንስታብል ሐምዱ ደረቱን ነፍቶ። የጎረቤቱ ባለሱቅ ልጅ ሃዋ ጥግ ላይ በካቴና ታስራ ተቀምጣለች። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚወስዳት መኪና ይመጣል።»

ማሪቱ ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። በዚያ ሰሞን መኪና ላይ የተጫነ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

«ማን ከሰሳት?»

«እኔ!» አሉ የሟች ሚስት ወይዘሮ እልፍነሽ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሷ ጋር ካሜራ ሲመዝን! አንዱን ያነሳና ‹ይከብዳል ሃዋ?› ሌላውን ያነሳና ‹ኪስ ይገባል ሃዋ?› እኔ ሠላሳ ዓመት ጀሪካን ስሸከም አንድ ቀን ‹ይከብድሻል ወይ?› ብሎኝ አያውቅም! ዛሬም ከዚህ ስትወጣ ያየኋት እኔው ነኝ።»

«በስምንት ሰዓት ወጣሁ» አለች ሃዋ አፍንጫዋን በትከሻዋ እየጠረገች። «በየቀኑ የሚያዝ ካሜራ ነበር የምንመርጠው። ትልቁ የፎቶ ቤቱ ካሜራ አንገት ይሰብራል፤ ደሞ በዚህ ጊዜ እሱን አንጠልጥሎ መንገድ የሚወጣ እብድ ነው። ከነዚህ ከሦስቱ አንደኛዋ ብረት ናት፣ ሁለተኛዋ ባትሪ ትጨርሳለች። ይቺን መረጥን። ሰባት ፎቶ አንስቼባት ሄድኩ፤ ጋሼ ደህና ነበሩ፣ ወላሂ!»

ካሜራዎቹን ያመጣው ነጋዴው ኤርምያስም እዚያው ነበር። ማሪቱ ቀላሏን አነሳችና አሳየችው።

«ፊልሙ ተቃጥሏል?»

«የሚታየው ብርሃን ነክቶት ተቃጥሏል» አለ ኤርምያስ። «ግን ይቺ ጉደኛ ናት። ፊልም እንደጎረሰች ዝዝዝ ብላ ሙሉውን ትዘረጋዋለች፤ ከዚያ ባነሱ ቁጥር አንድ አንድ እያለች ወደ ፊልሙ ቆርቆሮ ትመልሳለች። ትልቁ ግን የተነሳውን ከቆርቆሮው ውጭ ነው የሚጠቀልለው። ለጋሼና ለሃዋ ዛሬ ጠዋት አሳይቻቸዋለሁ።»

ማሪቱ ቆርቆሮውን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ጨለማ ክፍል ገብተህ እጠበው። ሐምዱ፣ አብረኸው ግባ፤ ከጎኑ እንዳትለይ!»

የሟች ረዳት ዘርሁን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሱሉልታ ፎቶ ሊያነሳ ሄዶ፣ መንገድ ተዘግቶበት እዚያው እንደዋለ፣ ገና አሁን እንደገባ ተናገረ።

«ይቺን ካሜራ ታውቃታለህ?»

«አስነክተውኝ?» ዘርሁን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርስ እንጂ ደስታ አልነበረበትም። «አሥራ ሁለት ዓመት ትልቁን የተሸከምኩት እኔ! ቀላሏ ትናንት ለመጣች ልጅ! እኔ ስገባ ሁለቱም ጸጥ ይላሉ። ደግሞስ ፊልሙ ምን ያደርግልዎታል? ክዳኑ ተከፍቷል፤ የተነሳው ሁሉ አብሮ ሄዷል።»

ማሪቱ «እሺ» አለች። በጣም ለስላሳ «እሺ» ነበረች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ሲገባ ጋሽ ገብረየስ አዲሷን ካሜራ እየሞከሩ ነበር፤ አነሱት። ስለዚህ ከገደለ በኋላ ምስሉን ማጥፋት ነበረበት። ወይዘሮ እልፍነሽ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«በድንጋይ ነበር የምፈጠፍጣት!» አሉ ሴትዮዋ ሳያስቡት።

«አዎ። ክዳን ከፍቶ ብርሃን ማስገባት የባለሙያ ተንኮል ነው። ግን የትኛው ባለሙያ? ሃዋና ኤርምያስ የተነሳው ቆርቆሮው ውስጥ እንደሚደበቅ ያውቃሉ፤ እነሱ ቢሆኑ ቆርቆሮውን ይዘው በሄዱ ነበር። ገዳያችን ያቃጠለው ባዶውን ፊልም ነው። እንደ ትልቁ የምትሠራ መስሎት። ትልቁን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው የተሳሳተው።»

ማንም ዘርሁንን አላየም፤ ሁሉም ግን አሰቡት።

ማሪቱ ስምንት ፎቶዎች ደረደረች። ሰባቱ ሃዋ ያነሳቻቸው ናቸው፦ ድመት፣ በር፣ የጋሼ ጫማ። በስምንተኛው ላይ፣ ጠርዙ ትንሽ ነጥቶ፣ ዘርሁን ፊቱን አጨማዶ በዚያው በር ሲገባ ይታያል።

«ሱሉልታ እንዲህ ቅርብ ናት እንዴ?» አለች።

ዘርሁን ወንበር ያዘ። «በሷ ካሜራ አነሱኝ! ስቀው አነሱኝ! አልቻልኩም...»

«ሃዋ፣» አለች ማሪቱ፣ «ካሜራዋ ያንቺ ነበረች?»

«የኔ? ማንም ሳይጠይቀኝ ሁላችሁም ሰጣችሁኝኮ!» ሃዋ እንባዋ መጣ። «የዘርሁን ናት። ‹ከባዱን ሲሸከም ጀርባው ሄደ፤ ኪሱ የሚይዛት ትሁንለት፤ እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ፎቶ ቤቱንም ይረከበኛል› ብለው ነው ያስመረጡኝ። ድንገት ሊሰጡት ፈልገው እንዳልነግረው አደራ አሉኝ።»



«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ዘርሁን፣ እንደ ሕፃን።

«ስትገባ ፎቶ ያነሱህ ሊነግሩህ ሲሉ ነበር» አለች ማሪቱ። «ሐምዱ፣ ካቴናውን ከልጅቷ ፍታ።»

ሐምዱ ቁልፉን ሲፈልግ፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ሄደው የሃዋን እጅ ያዙ፤ ብረቱ የከረከረውን ቦታ በነጠላቸው ጫፍ እያሹ፣ ቀና ብለው ሊያዩዋት ግን አልቻሉም።