ዓርብ እንዳትመጪ

«እሺ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ መምህር ታረቀኝ።

ወንጌላዊት ከሰሌዳው ፊት ለፊት ቆማ ዞር አለች። የሞመንትን ትርጉም በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳታዛንፍ በቃሏ ወጥታዋለች። ቀመሩንም ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ከዚህ ሌላ ምን እንደሚፈለግባት አልገባትም።

«ማለት... ቲቸር፣ ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው።»

«እሱንማ ጽፈሽዋል። አሁን እንግሊዝኛውንም ቀመሩንም ተዪውና፣ ፊዚክስ የሚባል ነገር ሰምቶ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረጂ አድርገሽ ንገሪን። ይሄን ነገር የት አየሽው?»

ስልሳ ተማሪ ዓይኑን ተክሎባት ይጠብቃል። ወንጌላዊት የመጽሐፉን ገጽ በሐሳቧ ገለጠችው። ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ሥር የተጻፈው፣ የገጹ ቁጥር ሳይቀር ወለል ብሎ ይታያታል። ከገጹ ውጪ ግን ምንም የለም።

«መጽሐፉ ላይ» አለች በመጨረሻ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህር ታረቀኝ አልሳቀም። «በይ ተቀመጪ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ከአንደኛ ክፍል እስከ አሁን ዘጠነኛ ድረስ አንደኛነቷን ለማንም አሳልፋ ሰጥታ አታውቅም። የጤና ጣቢያ ነርስ የሆነችው እናቷ ብዙዬ፣ የየዓመቱን ካርዷን ላሚኔት አስደርጋ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅላዋለች። ይጁቤ ከተማ ውስጥ ቤታቸው የገባ እንግዳ ሁሉ ካርዶቹን ሳያይ አይወጣም።

«ዓርብ ፈተና አለ» አለ መምህሩ ጠመኔውን እያራገፈ። «በወረቀት አይደለም። ከየቡድኑ አንድ ሰው በዕጣ ይወጣና ሞመንትን በአማርኛ ያስረዳናል። ከሃያ ይያዛል፤ የወጣው ሰው ያገኘው ነጥብ ለቡድኑ ሁሉ ነው። የቀረ ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ እሱን ሌላ ቀን ለብቻው እፈትነዋለሁ።»

በዕረፍት ሰዓት አብይ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይዟት ቆመ። የቡድኗ አባል ነው፤ ፈጣን ነው፤ ነጥብ የሚቀንስበት ነገር ሲመጣ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይሸተዋል።

«ሦስተኛችን ማን እንደሆነች አስበሻል?»

አስባለች። ጥሩብርሃን ናት። ከገጠር አንድ ሰዓት በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ ባለፈው ፈተና ከሃያው ነጥብ አራት ብቻ ያመጣች ልጅ። ይኸው ሰኞም ማክሰኞም አልመጣችም።

«ዕጣው እሷ ላይ ከወጣ አለቀልን» አለ አብይ። «አንደኛነትሽንም ተሰናበቺው። ስለዚህ ዓርብም ትቅር።»

«እንዴት አድርገን ነው የምናስቀራት?»

«አንቺ ሄደሽ ‹መምህራን ስብሰባ ስላላቸው ዓርብ ትምህርት የለም፣ እንዳትመጪ› ትያታለሽ። ስልክ የላት፣ ከማን ታጣራለች? እኔ ብላት ትጠረጥራለች። አንቺን ግን ታምንሻለች።»

እውነቱን ነው። ጥሩብርሃን ታምናታለች። ዓመቱ ሲጀመር አጠገቧ ተቀምጣ፣ ያልገባትን የእንግሊዝኛ ቃል በጣቷ እያመለከተች ቀስ ብላ የምትጠይቀው እሷን ብቻ ነበር። ወንጌላዊት እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች፤ ግን ያ ሳቅ ገና ጆሮዋ ውስጥ ነበር።

«እሺ» አለች።

ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ስላልነበራቸው ምሳዋን በልታ ወደ ጥሩብርሃን ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘችው። የሚያዝያ ዝናብ ከጣለ ሦስት ቀኑ ነው። ጭቃው ከጫማዋ ሥር እየተለጠፈ እግሯን ያከብደዋል። «መምህራን ስብሰባ አላቸው... ዓርብ ትምህርት የለም» እያለች መንገዱን ሙሉ ተለማመደችው። ይሄንንም እንደ ሌላው ሁሉ ሸመደደችው።

ቤቱ ደጃፍ ላይ የጥሩብርሃን አባት አቶ ወልደ ሰንበት አንድ እግራቸው እስከ ጉልበት በጀሶ ታሽጎ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እንዴት ዋሉ አባባ? የጥሩብርሃን የክፍል ጓደኛ ነኝ። እግርዎን ምን ሆነው ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። በቅሎ ጣለችኝ። ሦስት ሳምንት ሆነኝ።» በዱላቸው ወደ ጅረቱ አመለከቱ። «ጥሩ ከጅረቱ ማዶ ካለው ማሳ ላይ ናት። የምታይውን እንግዲህ... ከተማ ወስደሽ አታውሪው። እግሬ እስኪድን ድረስ ነው።»

ወንጌላዊት ነገሩ አልገባትም። ጅረቱን ተሻግራ ማሳው ጋ ስትደርስ ሰፊ የወንድ ኮት የለበሰ፣ ራሱን በሻሽ የጠመጠመ አራሽ በሬዎቹን አዙሮ ሲመለስ አየች። ልትጠይቀው ጠጋ አለች።

«ና ቡሬ! ና በል!»

ድምፁ የጥሩብርሃን ነበር።

ጥሩብርሃንም አየቻት። እጇ ከእርፉ ላይ ወደቀ። በሬዎቹ በራሳቸው ቆሙ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ልጠይቅሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ወንድም የለኝም» አለች ጥሩብርሃን ሳትጠየቅ። «ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን እስኪጨርሱ ብንጠብቅ መሬቱ መልሶ ይደርቃል። እዚህ አገር ሴት እርፍ አትይዝም፤ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ከተሰማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ሙድ ሲይዙብኝ ነው የሚኖሩት። ወንጌል፣ ማርያምን፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

«አልነግርም።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን አልነግርም።»

ጥሩብርሃን ፊቷን በኮቱ እጅጌ ጠረገች። «በይ ምን ልትዪኝ ነው የመጣሽው?»

የሸመደደችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «ዓርብ...» ብላ ጀመረችና ቆመች። «መጀመሪያ ሥራሽን ጨርሺ። እጠብቅሻለሁ።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታያት ጀመር። ከበሬዎቹ አንዱ ዳለቻ፣ ደረተ ሰፊ ነው። ቡሬው ግን ከስቷል፤ ሁለት ትልም እንደሄዱ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፣ ቀንበሩም ተንጋደደ። ጥሩብርሃን በሬዎቹን አቆመችና ሞፈሩን ከቀንበሩ መሃል ጋር ያሰረውን ጠፍር ፈታችው። በእጇ ለካችና አንድ ጋት ያህል ወደ ዳለቻው አስጠግታ መልሳ አሰረችው። በሬዎቹን ስትነዳቸው ቡሬው እኩል መራመድ ጀመረ።

ወንጌላዊት ከድንጋዩ ላይ ተነሣች። «ቆይ! ቆይ እስቲ! አሁን ያደረግሽው ምንድን ነው?»

«የቱን?»

«ጠፍሩን። ለምንድን ነው ያስጠጋሽው?»

«ቡሬው እንዲቀለው ነዋ። ታሞ ነበር።» ጥሩብርሃን ግራ ገባት። «ሞፈሩ ለዳለቻው ሲቀርብ ሸክሙ የሱ ይሆናል። ቡሬው ከሞፈሩ በራቀ ቁጥር በትንሽ ጉልበት ይጎትታል። አባቴ ነው ያሳየኝ። ሁሉም አራሽ ያውቀዋል።»

ወንጌላዊት ጠፍሩን በጣቷ ነካችው። «ጥሩ፣ ይሄ እኮ ሞመንት ነው።»

«ምኑ?»

«ሞመንት! ቲቸር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፈው!»

ቁራጭ እንጨት አነሣችና ርጥቡ አፈር ላይ ቀንበር ሣለች። ጥሩብርሃን በሬዎቹን ትታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ጠፍሩ መሃል ላይ ሲሆን ከዚህም አራት ጋት፣ ከዚያም አራት ጋት ነው። አንድ ጋት ሲገፋ ወደ ዳለቻው በኩል ሦስት፣ ወደ ቡሬው በኩል አምስት ይሆናል። ወንጌላዊት ቀመሩን ከጎኑ ጻፈችው።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች ጥሩብርሃን። «በእንግሊዝኛ ሲለው እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ!» ከዚያ አፈሩ ላይ የተጻፈውን ትክ ብላ አየችው። «ግን ለምን በብዜት ሆነ? ብዜት መሆኑን በምን አወቁ?»

ወንጌላዊት ቀመሩን እንደገና አየችው። እንዲህ ብላ ጠይቃ አታውቅም። መጽሐፉ ብዜት ነው ካለ ብዜት ነው።

«እንሞክረዋ» አለች ጥሩብርሃን። ቀጥ ያለ የጅራፍ እንጨት አምጥታ መሃሉን ሹል ድንጋይ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ከጅረቱ ዳር እኩል እኩል የሚመስሉ ጠጠሮች ለቀሙ። በአንዱ በኩል አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሦስት ጠጠር አደረጉ። በሌላው በኩል አንድ ጠጠር እያራቁ ሞከሩ። አንድ ስንዝር ላይ እንጨቱ አጋደለ። ሁለት ላይም እንደዚያው። ሦስተኛው ስንዝር ላይ ሲደርስ ጥቂት ተወዛወዘና ሚዛኑን ጠብቆ ቆመ።

ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ወንጌላዊት ጮኸች፤ በሬዎቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ስንት ዓመት መቶ ከመቶ ስታመጣ እንዲህ ብላ ጮኻ አታውቅም። ስድስት በሁለት ሞከሩት፤ አራት በአንድ ሞከሩት፤ እጃቸው ጭቃ በጭቃ ሆነ።

«ውይ፣ ጀምበሯ ልትጠልቅ ነው!» አለች ጥሩብርሃን በድንገት። «ዓርብ ምን ልትዪኝ ነበር?»

ወንጌላዊት ጭቃውን ከመዳፏ አራገፈች።

«ነገ ዓርብ ፈተና አለ። በአማርኛ ነው። እንዳትቀሪ።»

በማግስቱ ጥሩብርሃን በር ስትገባ አብይ አያት። ወንጌላዊትን በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት።»

«ምን ብለሽ?»

«ፈተና አለ ብዬ።»

«አብደሻል!»

መምህር ታረቀኝ የቡድናቸውን ሦስት ወረቀት አጣጥፎ በመዳፉ ውስጥ ናጠና አንዱን ገለጠ። «ወንጌላዊት።»

አብይ በረጅሙ ተነፈሰ። ወንጌላዊት ወጣችና ማስመሪያ፣ ላጲስና የጠመኔ ስብርባሪ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ሚዛን ሠራች። ሦስት ስብርባሪ በቅርብ፣ አንድ በሩቅ። በአማርኛ አስረዳች፤ አንዳንድ ቦታ ተሳሳተች፤ መልሳ አስተካከለች። ማንም አልሳቀም።

«በጣም ጥሩ» አለ መምህሩ። «የመጨረሻው ጥያቄ አምስት ነጥብ አለው። ሰው ይሄን ለሥራው ሲጠቀምበት አይተሻል?»

አይታለች። ዳለቻውና ቡሬው ዓይኗ ላይ ናቸው። ጥሩብርሃንን አየቻት፤ አንገቷን ደፍታ የደብተሯን ጠርዝ ታሻሻለች። አብይ ከኋላ ‹ተናገሪ እንጂ› እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣል። አንድ አራሽ አየሁ ብትል በቂ ነበር። ግን ቀጥሎ የት? ማን? የሚል ይመጣል። ደግሞም ያንን ነገር የራሷ አስመስላ መናገሩ አስጠላት።

«አይቻለሁ ቲቸር። ግን ያየሁት የእኔ አይደለም። ያሳየኝ ሰው ካልፈቀደ አልናገርም።»

«አምስት ነጥብ ነው እኮ።»

«ይቀነስ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። አብይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ወንጌላዊት ወደ ቦታዋ ልትመለስ ስትል የአግዳሚው ወንበር ድምፅ ተሰማ።

«የእኔ ነው ቲቸር» አለች ጥሩብርሃን። ቆማለች። «እኔ ላስረዳ?»

«ለቡድናችሁ ይያዛል» ብሎ መምህሩ ጠመኔውን ዘረጋላት። ሁለት በሬ ስትሥል አንዱ ፍየል መሰለ፤ ልጆቹ ሳቁ። «ይሄ የዚህ ሳምንት እርሻዬ ነው» ስትል ሳቁ ቆመ።

«አንቺ ታርሻለሽ እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«አርሳለሁ። ምነው፣ አንተ አትበላም?»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን ሳቁ ልጁ ላይ ነበር። ጥሩብርሃን ወደ ሰሌዳው ዞረች። ጠፍሩን ሣለች፣ ጋቱን ጻፈች። «ሸክሙን ስምንት ቦታ ብንከፍለው» አለች «መጀመሪያ አራት አራት ይይዙ ነበር። አሁን ዳለቻው አምስት፣ ቡሬው ሦስት።» መምህር ታረቀኝ ባዶ ወንበር ፈልጎ ከተማሪዎቹ መሃል ተቀመጠ። እንደ ተማሪም እጁን አወጣ።

«ሁለት ጋት ብትገፊውስ?»

«ቡሬው በጣም ያርፋል። ዳለቻው ግን እስከ ቀትር አይዘልቅልኝም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሞመንትን ሳስተምር የመኪና ጎማ መፍቻ ነበር የምሥለው» አለ መምህሩ። «ለሌላው ክፍል ሳስተምር ያንቺን ልጠቀምበት ትፈቅጂልኛለሽ?»

ጥሩብርሃን መሬት መሬት እያየች ፈገግ አለች። «እፈቅዳለሁ።»

ከትምህርት ሲወጡ አብይ «ከሃያው አሥራ ዘጠኝ!» እያለ አጠገባቸው ዘለለና ጓደኞቹን ፍለጋ ሮጠ። ሁለቱ ጎን ለጎን ወረዱ። ወንጌላዊት ወደ ቤቷ የምትታጠፍበት መንገድ ጋ ሲደርሱ ጥሩብርሃን ቆመች።

«አንቺ ባትመጪ ኖሮ ዛሬ ማሳው ላይ ነበርኩ» አለቻት። «በዚያ ጭቃ፣ እኔን ለመርዳት ብለሽ ያን ሁሉ መንገድ... አልረሳውም።»

ወንጌላዊት ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ አየች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አብይ አይናገርም፣ ነጥቡ ተይዟል፣ ጥሩብርሃንም ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ልትሰናበታት እጇን ዘረጋች፤ መልሳ አወረደችው።

«ትንሽ ልሸኝሽ» አለች።

የመጨረሻዎቹን ሱቆች አልፈው ከከተማው ወጡ። ባጃጆቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ከፊታቸው አዲስ የታረሰው መሬት ጥቁር ሆኖ ተዘረጋ።

«ጥሩ» አለች ወንጌላዊት። «ትናንት የመጣሁት ልረዳሽ አልነበረም።»

ጥሩብርሃን እርምጃዋን ቀነሰች እንጂ አልቆመችም። ጥቂት ሄዱ።

«ታዲያ ለምን ነበር?»

ወንጌላዊት ያን ቀን ከሰሌዳው ፊት ከቆመችበት ጀምራ ትነግራት ጀመር።