የኤራም መብራትና ደም የነካ እጅ

በሰባቱ ተራሮች መካከል በተዘረጋው በዘርማት መንግሥት፣ የመከር በዓል በዋለበት ዕለት ፀሐይ ገና እንደ ወጣች ጠቆረች። ያን ጊዜ የጉም ዘንዶው ኦርማድ ከጥልቁ ሸለቆ ወጥቶ፣ ጉሙን ከአገሩ ሲያግድ የኖረውን የኤራምን መብራት ከቤተ መቅደሱ ነጥቆ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጉሙ የቆላውን መንደሮች መዋጥ ጀመረ።

ንጉሡ ታርማን የተባለውን ወጣት የጦር አለቃ ጠራ። ታርማንም ተንበርክኮ፣ «በኤራም ብርሃን እምላለሁ፤ መብራቱን ሳልይዝ ፊትዎን አላይም» አለ።

ካህናቱ ግን ሕጉን አነሡ። ደም ያፈሰሰ እጅ መብራቱን ሊነካ፣ የመቅደሱንም ደጃፍ ሊረግጥ አይችልም። ስለዚህ መብራቱን ተሸክሞ የሚመለስ ንጹሕ ሰው ብለው ከካህናቱ አንዱን፣ መምህር ኤልዛፍን፣ ጨመሩለት። ኤልዛፍ ዜማ አዋቂ ነበር፤ በሕግ ነገር ግን ፍንክች የማይል።

ከአሥራ ሦስት ወታደሮች ጋር የወጡበት መንገድ ታርማንን አንገፈገፈው። በጾም ቀን ኤልዛፍ ከድንኳኑ አልወጣም አለ፤ አንድ ቀን ባከነ። ወታደሮቹ ርቧቸው ሚዳቋ ሲያርዱ ገሠጻቸው፤ እነሱም እየሳቁበት በሉ። ጎርባ የተባለው ሽማግሌ ወታደር ከገደል ወድቆ ሲሞት ደግሞ፣ ደም አፍሷልና ጸሎተ ሙታን አይገባውም አለ ኤልዛፍ።

ታርማን መቃብሩን የሚቆፍርበትን አካፋ ጣለ።

«መምህር፣ ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ደጃችሁን ሲጠብቅ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ አላስገባችሁትም። አሁን ስንቀብረውም ዝም ይላሉ?»

«ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም፣ ልጄ» አለ ኤልዛፍ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልጠነከረም።

ጎርባን ያለ ጸሎት ቀበሩት።

ኦርማድን ዋሻው ደጃፍ ላይ አገኙት። ግማሽ ቀን ተዋጉ። ከቀሩት አሥራ ሁለት ወታደሮች ሰባቱ ወደቁ፤ የታርማንም ጎራዴ ተሰበረ። ዘንዶው ታርማንን በጅራቱ ጠምጥሞ አፉን ሲከፍት፣ ከዓለት ኋላ ሆኖ ይጸልይ የነበረው ኤልዛፍ ተነሣ። ከወደቁት የአንዱን ጦር አንሥቶ፣ አያያዙን እንኳ ሳያውቅ፣ በዘንዶው ጉሮሮ ውስጥ ሰደደው። ጥቁር ደም እስከ ክርኑ ነከረው።

ዘንዶው ሲሞት ማንም አልፎከረም። ኤልዛፍ እጆቹን አየና፣ ወደ ዋሻው ገብቶ መብራቱን አነሣ።

ወደ ከተማይቱ ሲደርሱ ጉሙ ከቅጥሩ ሥር ነበር። ታርማን፣ እኛ እንደሆነ አንናገርም፣ ዝም ይበሉ ብሎ በሹክሹክታ ለመነው። ኤልዛፍ ግን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ፣ «እጄ ደም ነክቷል። ዘንዶውን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ካህናቱ መከራከር ጀመሩ። የዘንዶ ደም እንደ ሰው ደም ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? መጽሐፍ እየገለጡ ሲጯጯሁ ጉሙ ቅጥሩን ተሻገረ፤ ከታችኛው ሰፈር የሴቶች ዋይታ ተሰማ። ታርማን ትዕግሥቱ አለቀ። መብራቱን ከኤልዛፍ እጅ ተቀብሎ፣ ካህናቱን በትከሻው እየገፋ ወደ መቅደሱ ገባና በመንበሩ ላይ አኖረው። ጉሙም ወደ ሸለቆው ተመለሰ።

በማግሥቱ ጉባኤው ፈረደ። ታርማን ዕድሜ ልኩን ከመቅደሱ ታገደ፤ ኤልዛፍም ክህነቱ ተገፈፈ። ወታደሮቹ የመቅደሱን በር እንስበር ቢሉ ታርማን ከለከላቸው፤ ስምንት ሰው የቀበርኩት እርስ በርስ እንድንተላለቅ አይደለም አላቸው።

በዓሉ ዳግመኛ ሲደርስ፣ ኤልዛፍ ከመቅደሱ ግንብ ውጭ በወታደሮቹ መካከል ቆሞ ዜማውን አነሣ። የሚቀበለው ግን ጠፋ፤ አንዱ ቀደመ፣ ሌላው ዘገየ፣ ታርማንም ቃሉን ሳተ። ኤልዛፍ ተበሳጭቶ አቋረጣቸው። ትንፋሹን ሰብስቦም፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ያስተምራቸው ጀመር።