ወንድሜን ውሰዱልኝ!

ሻሂና ምርር ብሏታል። በጣም፣ በጣም፣ በጣም ምርር ብሏታል!

ሪዝዋን የሚባል ትንሽ ወንድም አላት። ሪዝዋን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

ልትበላ ስትል፣ «ኡዋ! ኡዋ!» ልትተኛ ስትል፣ «ኡዋ! ኡዋ!»

«ኧረ በቃ!» ትላለች ሻሂና ጆሮዋን ይዛ።

ችግሩ፣ ወንድም ስጡኝ ያለችው ራሷ ናት።

ሻሂና በምትኖርበት የህንድ ከተማ፣ ኑር ባባ የሚባሉ ቅዱስ ሰው የተቀበሩበት ነጭ ቤት አለ። ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ ይሳላል፤ መስኮቱ ላይም ቀይ ክር ያስራል። ስለቱ ሲሰምርለት ተመልሶ ክር ይፈታል።

አምና ሻሂናም ክር አሰረች። «አብሮኝ የሚጫወት ወንድም ስጡኝ» አለች። የሚያለቅስ መቼ አለች?

ዛሬ እማዬ ሪዝዋንን ታቅፋ ለምስጋና ሄደች። ሻሂናም ተከተለቻት፤ እሷ ግን ለምስጋና አልሄደችም።

«ክሬን እፈታለሁ። ከዚያ ኑር ባባ ሪዝዋንን መልሰው ይወስዱታል» ብላ ነው የሄደችው።

በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። እማዬ ወደ ውስጥ ገባች፤ ሻሂና ወደ መስኮቱ ሮጠች።

ወይ ጉድ! ላይ ቀይ ክር! ታች ቀይ ክር! ግራ ቀይ፣ ቀኝ ቀይ!

«ይቺ ናት? አይደለችም። ይቺስ? አይደለችም። ኧረ በቃ!» ሻሂና በንዴት መሬቱን በእግሯ መታች። ዷ! ዷ!

ቤቱን የሚጠብቁት ሽማግሌ፣ አባባ ካሊል፣ መጥረጊያቸውን ይዘው መጡ። «ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«ክሬ!»

አባባ ካሊል ሳቁ። «የራሱን ክር ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ያገኘሽውን ፍቺ። አንቺ የሌላውን ትፈቻለሽ፣ ሌላው ደግሞ ያንቺን ይፈታል።»

ሻሂና አንዱን ክር ያዘች። በጣቷ ሞከረች፤ እምቢ አለ። በጥርሷ ሳበችው፤ «እእእህ!» ተፈታ!

«ይኸው ኑር ባባ! ወንድሜን ውሰዱልኝ!»

ጸጥ አለ። «ኡዋ» የለም።

ሻሂና ደስ አላት። ትንሽ ቆየች። አሁንም «ኡዋ» የለም።

«ሪዝዋን?» አለች ቀስ ብላ።

እየሮጠች ወደ ውስጥ ገባች። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። እቅፏ ግን ባዶ ነው!

«ሪዝዋን! ወንድሜ! ኑር ባባ፣ ተሳስቼ ነው! መልሱልኝ!»

አሁን ያለቀሰችው ሻሂና ናት። «ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ዞሩ። ሪዝዋንን እየተቀባበሉ ሲስሙት ነበር። እሱን አንዲት አሮጊት እቅፍ ውስጥ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ወስዶታል።

ሻሂና ተቀብላ እቅፍ አደረገችው። ሪዝዋን ነቃ። «ኡዋ!»

«ኧረ በቃ…» አለች ሻሂና። ግን ጉንጩን ሳመችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሪዝዋን በሻሂና እቅፍ ሆኖ፣ «ኡዋ! ኡዋ! ኡዋ!»

«ኧረ በቃ!» አሉ አንድ ሰውዬ ጆሯቸውን ይዘው። «ይሄን ልጅ ዝም አሰኙት እንጂ!»

ሻሂና ዓይኗን አፈጠጠችባቸው።

«ያልቅስ! የኔ ወንድም ነው!»

ሪዝዋንም አለቀሰ፤ እስከ ቤት ድረስ።