የሰናይት ቮልስ ፕራይመር የተቀባ ዕለት

እኔ እንኳን በሙት መንፈስም በቡዳም የማላምን ሰው ነኝ፤ የሞተ ሰው በጌታ እጅ ነው፣ ተመልሶ የሚመጣበት ጉዳይ የለውም ብዬ ነው ልጄን ያሳደግኳት። ስለዚህ ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ እንዳልሆነ እመነኝ።

ባለቤቴ ሰናይት ካረፈች በኋላ አዳማ ያለው ቤታችን ለእኔ ብቻ በጣም ሰፋ። ልጃችን ቤቲ ባቱ አበባ እርሻ ነው የምትሠራው፣ ልታገባ ነው፣ እናቷ ደግሞ በሕይወት እያለች «በእኔ ቮልስ ነው የምትዳሪው» ብላ ቃል ገብታላት ነበር። የዛገውን አሮጌ ቮልስ ራሴ ለማደስ ቆረጥኩ፤ ለባለሙያ መስጠት ትችል ነበር ትለኝ ይሆናል፣ እችል ነበር፣ ግን ሲመሽ ምን ልሥራ?

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ስጨርስ፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት መለዋወጫ የሚሸጠው ጎረቤቴ ሰኢድ ከዋናው ቀለም በፊት ብረቱ ላይ የሚቀባውን ፕራይመር መረጠልኝ።

«ባዶ ብረት ላይ የሚይዘው ይሄኛው ነው፣ ያኛውን ከቀባኸው ክረምት ሲገባ ይላጥብሃል» አለኝ። «ደግሞ በር ከፍተህ ቀባ ወንድሜ፣ ሽታው ቀልድ አያውቅም።»

እሺ አልኩ። ግን የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፣ እርጥብ ቀለም ካየ የከተማውን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የመኪና ማሳደሪያውን ዘጋሁ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጆንያ ወተፍኩ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈች የጨርቅ ማስክ አደረግኩና ፕራይመሩን መርጨት ጀመርኩ።

አመሻሽ ላይ ነው። መጀመሪያ በሩ ላይ አሸዋ ሲረጭ የሚመስል ኮሽታ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ከመኪናው ውስጥ የወንበሩ ሞላ ሲጥ አለ፣ ልክ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ብረት ነው፣ ሙቀት ነው ብዬ ቀጠልኩ፣ ራሴን ከበድ ብሎኛል። በዚህ መሀል ክላክሱ ጮኸ፣ አጠር አጠር ብሎ፣ ሁለቴ። ሰናይት እሑድ ጠዋት ቸርች ሲረፍድብን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ «ና ውጣ እንጂ» ለማለት ታደርግ እንደነበረው።

ባትሪው እኮ ወጥቶ በረንዳ ላይ ነው ያለው።

መስኮቶቹ በጋዜጣ ስለተሸፈኑ ውስጡ አይታይም፣ ለማየትም አልሞከርኩም፣ በሩን በርግጄ ወጣሁና ግቢው መሀል ወደቅኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሰኢድ ፊቴ ላይ ውሃ ያፈስብኛል።

«ሽታው ነው» አለኝ። «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አልቆልህ ነበር። አብሽር፣ ተርፈሃል።»

እውነትም ሽታው ነው፣ ክላክሱን የፈጠረው የዞረ ጭንቅላቴ ነው ብዬ ተጽናናሁ።

«አንተን ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ክላክስ ሰምቼ ነዋ። መኪናዋን አስነሣሃት ብዬ እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ነበር የመጣሁት።»

 ስለ ባትሪው አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ደህና ማስክ ገዝቼ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቀለሙን ጨረስኩ፤ አቧራው የፈለገውን ያድርግ፣ ቤቲ አባቷንም አጥታ እንድትዳር አልፈልግም። አሁን ሠርጉ ደርሷል፣ ሰኢድም ባትሪውን ምን ቸግሮህ ነው የማታስገባው እያለ ይጨቀጭቀኛል። ማታ ማታ ከመኪናው አጠገብ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ፣ ክላክሱ እስኪጮህ እየጠበቅኩ መሰለኝ፣ ደግሞም እፈራለሁ። ባትሪው ከገባ በኋላ ቢጮህ፣ ሰው ሁሉ ሽቦ ተነካክቶ ነው ይለኛል፣ እኔም አምናለሁ።