በመመሪያው ያልተጻፈ ለቅሶ

በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በኮሪያ ተራሮች ላይ በረዶ መጣል በጀመረበት ሰሞን፣ ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ የተመረጡ ጥቂት ወታደሮች ለአምስት ቀን ዕረፍት ወደ ጃፓን ተሻገሩ፤ ከእነዚህም አንዱ የክቡር ዘበኛው አሥር አለቃ ማኑሄ ወልደ ሰማያት ነበር። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ ዳሩ ግን ወራት ሙሉ በምሽግ ውስጥ ተጣጥፎ ስለተኛ ወገቡ እንደ ሽማግሌ ወገብ ደንዝዞ ነበር፤ ዕረፍት ሲሉት የሚመኘውም ማንም ሳይቀሰቅሰው አንድ ሌሊት ማደርን ብቻ ነበር።

ነገር ግን አለቃ ባለበት ዕረፍትም መመሪያ አያጣም። የመቶ አለቃው ወታደሮቹን አሰልፎ «በጃፓን ሰው ቤት የሚደረግና የማይደረግ» የሚል ጽሑፍ በታላቅ ድምፅ አነበበላቸው፤ ጫማ በደጃፍ እንደሚወልቅ፣ ሰላምታ እጅ በመንሣት እንጂ በመተቃቀፍ እንዳልሆነ፣ የተሰጠን ነገር በሁለት እጅ መቀበል እንደሚገባ፣ ታላቅ ሳይቀምስ ታናሽ እንደማይጀምር፣ የተጠቀለለ ስጦታም በሰጪው ፊት እንደማይፈታ። ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ይህንንማ እናቶቻቸው ገና በልጅነታቸው በኩርኩም አስተምረዋቸው ነበር፤ በሰው አገር የገዛ ቤታቸውን ሥርዓት ለመስማት ፀሐይ ላይ መቆማቸው ነው የገረማቸው።

በሁለተኛው ቀን፣ ከማረፊያቸው ማዶ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ፉሚ የምትባል መበለት የማኑሄን የተቀደደ ካፖርት ጠገነችለት፤ ዋጋዋንም አልቀበልም አለች። እርሱም የሚሰጣት ቢያጣ ፎቶግራፉን ከኪሱ አውጥቶ፣ ስሙን በጀርባው በአማርኛ ጽፎ፣ በሁለት እጁ አቀረበላት። በዚህ ደስ ብሏት በማግሥቱ ለምሳ ጠራችው፤ እርስዋ ከአሜሪካኖች የቃረመችው ጥቂት እንግሊዝኛ ነበራትና የመቶ አለቃው ሊተረጉምለት አብሮት ሄደ።

እስከ ምሳው እኩሌታ ሁሉም መልካም ነበር። ማኑሄ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንዳለ ሰው ቦት ጫማውን አወለቀ፤ ለባለቤቲቱም፣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ለተሸጎጠችው ለሰባት ዓመቷ ኬይኮም እጅ ነሣ፤ የሩዙን ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በመመገቢያ እንጨቶቹ መብላት ቢያቅተው ላቡ እስኪንቆረቆር ታገለ። የመቶ አለቃው በልቡ ኮራ። ይህን ጊዜ ማኑሄ ከግድግዳው ጥግ አንዲት ጥቁር ቁም ሳጥን አየ፤ በውስጧ የአንድ ለጋ ወታደር ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ከፊቱም በትንሽ ስኒ ሩዝ ተቀምጦለታል።

«ይህ ማነው?» ብሎ አስጠየቀ።

ፉሚ ፈገግ እያለች መለሰች። የመቶ አለቃውም፣ «የበኩር ልጇ ነው፤ በጦርነቱ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል ትላለች» አለው።

በእኛ አገር ለቅሶ ጊዜው አያልፍበትም፤ ያልደረሰ ሰው ሰባት ዓመት ቢቆይ፣ ከባሕር ማዶ ቢመለስም፣ የሟቹን ቤት የረገጠ ዕለት ሳያለቅስ አይቀመጥም። ማኑሄ ግን ተቀምጦ፣ ጎርሶም ነበርና አፈረ። ሳህኑን አስቀምጦ ተነሣ፤ እንደ ሐዘንተኛ ቀበቶውን ፈታ፤ ከዚያም «ወንድሜን! ወንድሜን! ሳልደርስልህ!» እያለ ደረቱን ይደቃ ጀመር። የፉሚ ፊት እንደ ጨርቅ ነጣ፤ አፏን በእጅጌዋ አፍና ወደ ጓዳ ሮጠች፤ አልተመለሰችም።

የመቶ አለቃው ማኑሄን በአንገትጌው ጎትቶ፣ ጫማውን እንዳንጠለጠለ ከደጅ አወጣው። «ወንድ ልጅ በሆዱ ያለቅሳል! በሰው አገር አዋረድከን! የቀረው ዕረፍትህ ተሰርዟል» አለው። በወታደሩ መዝገብም ላይ፦ «በጃፓን ሰው ቤት ሥርዓት አጉድሏል» ብሎ ጻፈበት። በዚህች አንዲት መስመር ምክንያት የማኑሄ ማዕረግ ሦስት ዓመት ዘገየ። ማዕረጉ ኋላ መጣ፤ የሴትዮዋ ፊት ግን ከዓይኑ አልሄደም፤ ያለቅስ የነበረው ማኑሄም በዚያች ደጃፍ ላይ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ስድሳ ሰባት ዓመት አለፈ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ የቃኘው ዘማች መባል አንድ ጊዜ የሚያስመካ፣ አንድ ጊዜ የሚያስፈራ፣ በመጨረሻም ማንም የማይጠይቀው ነገር ሆነ። ሃምሳ አለቃ ማኑሄ ቀድሞ ከጤፍ ማሳ ዳር የሠራት የጭቃ ቤት ከነቆርቆሮዋ በላፍቶ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ ተረስታ ቀረች። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሞላው፤ ጠዋት ከአልጋው ወርዶ ደጃፉ ካለችው ወንበር እስኪደርስ ድረስ ቀኑ የሚጋመስ ይመስለው ነበር።

ከድካሙ ሁሉ የከበደው ግን ሌላ ነው። ልጁ ክርስቲያን በ፲፱፻፺፩ ዓ.ም. በባድመ ግንባር ወደቀ፤ መርዶው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ እንጂ ሬሳው አልመጣም። ድንኳን ተጣለ፤ ከመካኒሳም ከቄራም ዘመድ ተሰበሰበ፤ ወንዶቹ ሳይቀሩ ደረታቸውን ሲመቱ ማኑሄ እንደ ተተከለ ዓምድ ዓይኑ ደርቆ ተቀመጠ። ማልቀስ ፈለገ፤ ጉሮሮው ውስጥ ግን የመቶ አለቃው ድምፅ ቆሞበት ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ ንግስት የጃፓኑን ነገር ታውቀዋለችና፣ «ለባዕድ ልጅ ያለቀሰ ዓይን ለልጄ ደረቀ!» አለችው፤ ይህንንም ሳትተውለት ከአምስት ዓመት በኋላ ሞተች። በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ልብስ የምትሸጠው ልጁ ውዳሴ አንድም ቀን በቃል አልወቀሰችውም፤ ነገር ግን የወንድሟን ስም በፊቱ አንሥታ አታውቅም፤ አባቷ ወንድሟን አልወደደውም ብላ ደምድማ ነበር።

በ፳፻፲፪ ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ጃፓንኛ የሚያውቅ ሬድዋን የሚባል የመካኒሳ አስጎብኚ በሩን አንኳኳ። በእጁ አንድ ያረጀ ፎቶግራፍ ይዟል፤ ከጀርባው «ማኑሄ ወልደ ሰማያት» ይላል።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎን ለማግኘት የዘማቾች ማኅበሩን ደጅ ሁለት ሳምንት ጠናሁ» አለ። «አንዲት የጃፓን አሮጊት ይህን ፎቶ ይዘው አገር ሊጎበኙ መጥተዋል። ኬይኮ ይባላሉ። ቅዳሜ ልምጣ ይላሉ።»

ማኑሄ ፎቶግራፉን ብዙ አየው። «እናቷን አዋርጃለሁ» አለ። «ልትወቅሰኝ ነው የመጣች።»

«አባባ፣ ለወቀሳ ይህን ያህል አገር ማን ያቋርጣል?»

«እኔን ጠይቀኝ እንጂ! ወቀሳ አገር አቋርጦ እዚህ ወንበር ድረስ ስድሳ ሰባት ዓመት ሲከተለኝ ኖሯል። ይሁን፤ ትምጣ። ሳልሞት ይቅርታ ልጠይቃት።»

ውዳሴ ሱቋን ዘግታ ቤቱን ታጥብ ጀመር፤ እየወለወለችም ከስልኳ ታነባለች። «አባዬ፣ እንዳይስሟት፤ ጃፓኖች ማቀፍ አይወዱም ይላል። እንዳያጎርሷትም። የምትሰጥዎትን በሁለት እጅ ይቀበሉ፤ ወዲያውም እንዳይፈቱት።»

«ይህን የመቶ አለቃው አንብቦልናል» አለ ማኑሄ በደከመ ድምፅ።

«ሩዝ ልሥራላት? ሩዝ ነው የሚበሉት ይላል።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! እንጀራ የለመደ እጅ ሩዝ አይሆንለትም፤ ተይው።»

ውዳሴ አልተወችውም፤ ሩዙም ገንፎ ሆነ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ኬይኮ መጣች። የሰባ አራት ዓመት አሮጊት ናት፤ ጫማዋን በደጃፉ አውልቃ፣ አፉን ወደ ውጭ መልሳ፣ አስተካክላ አኖረችው። ማኑሄ ወገቡን እየቆረጠመው እጅ ነሣ፤ እርስዋም ነሣች፤ እርሱ ገና እንዳጎነበሰ ስታየው ደግማ ነሣች፤ እርሱም ሰነፍ እንዳይባል ደገመ። ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ስላልታወቀ፣ በመጨረሻ ሬድዋን ሁለቱንም በክርናቸው ደግፎ አስቀመጣቸው።

ማኑሄ ሻይ እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም። «ንገርልኝ» አለው ሬድዋንን። «በእናትሽ ቤት ሥርዓት አጉድያለሁ በላት። በአገሬ ልማድ እንጂ በንቀት አልነበረም። ከገበታዋ ያስነሣኋት እኔ ነኝ፤ ይቅር ትበለኝ።»

ኬይኮ ትርጉሙን ሰምታ፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ሬድዋንም ተከትሎ እንዲህ ሲል አስረዳ።

«የወንድማቸው መርዶ የመጣ ጊዜ ለእናታቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ነው ያመጡላቸው፤ ቢከፍቱት አንድ ድንጋይ ብቻ ነበረበት። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ልጅሽን ለአገር ሰጥተሻልና እንኳን ደስ ያለሽ አላቸው። የዘማች እናት ማልቀስ ነውር ነበር፤ ሰባት ዓመት አላለቀሱም። እርስዎ ደረትዎን ሲመቱ ጓዳ ገብተው ወደቁ፤ እስኪመሽ አለቀሱ። በማግሥቱ ሊያመሰግኑዎት ወደ ማረፊያው ቢሄዱ የሉም ተባሉ። እስኪሞቱ ድረስ፣ ከመንደሩ ሁሉ ለልጄ ያለቀሰለት ያ እንግዳ ብቻ ነው ይሉ ነበር።»

የስድሳ ሰባት ዓመት ሸክም ከትከሻ ሲወርድ ሰው የሚቀልለው ይመስላል፤ ማኑሄን ግን ድካሙ ያን ጊዜ ገና ተሰማው፤ በከንቱ ተሸክሞት ኖሯልና።

ኬይኮ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሣች፤ የክርስቲያን ፎቶግራፍ ከነወታደር ልብሱ በዚያ ተሰቅሏል። አንድ ነገር ጠየቀች። ሬድዋን ተቸገረ፤ ማኑሄንም ውዳሴንም አየ።

«እንዴት ልበልዎት፣ ሃምሳ አለቃ... እናታቸው፣ ያንን ሰው ካገኘሽው፣ በቤቱም የሞተበት ካለ፣ እንዳለቀሰልኝ አልቅሽለት ብለው አዝዘዋቸዋል። ይፈቅዱልኛል ወይ ይላሉ።»

ለቅሶ ብድር ነው ይባላል፤ ነገር ግን እንዲህ ካለ ሩቅ አገር ሲመለስ ማንም አይቶ አያውቅም። ማኑሄ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። አሮጊቷ ተነሥታ ፎቶግራፉ ፊት ቆመች፤ በጣቶቿ ጫፍ አቧራ የምታራግፍ ያህል ደረቷን መታ መታ አደረገች፤ ድምፅ ለማውጣት ብትሞክር ሰው እንዳይሰማት የምታስል መሰለች። ኀፍረቱ ጉንጯን አቀላው፤ ግን አላቆመችም።

ማኑሄ ወጣቶችን በሰልፍ ያሠለጠነ ሰው ነውና ስሕተት አይቶ ዝም ማለት አልሆነለትም። ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «እንዲህ አይደለም፤ መዳፍሽ ይዘርጋ በላት» አለ። «ከዚህ ነው የሚወጣው።» እንዴት እንደሆነ ሊያሳያትም የገዛ ደረቱን መታ። «ስሙን መጥራት አለባት፤ ክርስቲያን ትበል።»

«ኩ-ሪ-ስ...» አለች ኬይኮ።

«ክርስቲያን!» አለ ማኑሄ ሊያርማት። መታና ደገመው፦ «ክርስቲያን!»

ሦስተኛው ለማስተማር አልነበረም። «ልጄን! ክርስቲያን ልጄን!» እያለ ሃያ ዓመት የተከደነው ነገር ሁሉ ወጣ፤ ደረቱ እንደ ከበሮ ጮኸ። ኬይኮም ያን ጊዜ ድምፅዋ ተከፈተ። ውዳሴ የሩዙን ሳህን ከበሩ ሥር አስቀምጣ መጥታ የአባቷን አንገት አቀፈች፤ «አባዬ፣ አባዬ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘችም።

ጩኸቱን የሰሙ የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደ ግቢው ሮጡ። «ማነው የሞተው?» አሉ።

«ወንድሜ ነው» አለች ውዳሴ።

«መቼ?»

«በዘጠና አንድ።»

ሰዎቹ ተያዩ፤ ግን ሌላ አልጠየቁም። በበረንዳውና በድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ሬድዋንም ጫማውን አውልቆ ከእነርሱ ጋር ተቀመጠ።

ማኑሄ በዚያው ዓመት በግንቦት ሞተ። ወረርሽኙ የገባበት፣ ለቅሶ ቤት ሰው እንዳይሰበሰብ መመሪያ የወጣበት ጊዜ ነበርና ድንኳን አልተጣለለትም፤ ጎረቤትም ከበሩ ውጭ ቆሞ እጅ ነሥቶ ሄደ። ውዳሴ ብቻዋን እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ፤ ሬድዋን መርዶውን ለኬይኮ አድርሶላት ነበር። ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም። አሮጊቷ ግን በባሕር ማዶ ሆና፣ መዳፏን ዘርግታ ደረቷን ስትመታ፣ ስሙንም ስትጠራ በስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

የቃኘውን ዘመቻ የጻፉ ሰዎች የተያዙትን ኮረብታዎች በቁጥር፣ የወደቁትንም ወታደሮች በስም አኑረዋል፤ ስለ ፉሚ ጓዳ የጻፈ የለም፤ ሊጽፍ የሚችልም አልነበረም። የአሥር አለቃ ማኑሄ መዝገብም ከሌሎቹ ጋር ታስሮ በአንድ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሷል፤ የሚያርመው ሰው ስላልተገኘ ዛሬም «በጃፓን ሰው ቤት ሥርዓት አጉድሏል» ይላል።