የእጅ ምስክር

ሽመክት በሥራው የሚተማመን ሰው ነው፤ ያምርበታልም። እንጅባራ ቁጭ ብሎ ለገበሬዎች የዘር ድንች ማዘዣ የስልክ አፕ ሠርቶ ሲጨርስ፣ መሥሪያ ቤቱ ማናለብሽን ከዳንግላ ለሦስት ወር አመጣበት። ሥራዋ ሰው አፑን ሲጠቀም አጠገቡ ሆኖ ማየት ነው።

«ካለቀ በኋላ ምን ይታያል?» አላት።

«ሳያልቅ ነበር መታየት የነበረበት» ብላ ሳቀች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያ ሳቅ ሥራ አስፈታው።

በገበያ ቀን ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ወረዱ። ሽመክት ስልኩን ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰጠ። «እንዴት ነው አያ ሀብቱ፣ ተመቸዎት?»

«እሰይ የኔ ልጅ! እጅህ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ነገር የት ይገኛል!»

ሽመክት ደረቱን ነፋ። «ሰማሽ?»

«ይሉኝታ ነው። ለደከመ ሰው ‹አይረባም› የሚል ሽማግሌ እዚህ አገር የለም። አፋቸውን ተውና እጃቸውን እይ።»

አየ። የአያ ሀብቱ አውራ ጣት ስልኩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይንከራተታል፤ ትእዛዙም አልተላከም። ሰውዬው አዝዣለሁ ብለው፣ ማሳ አለስልሰው፣ የማይመጣ ዘር ሊጠብቁ ነው። ሽመክት አፈረ። ልጅቷ አናደደችውም፣ ደስም አለችው።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ገጽ ከመሥራቱ በፊት በወረቀት ስሎ ከእሷ ጋር ገበያ ይወርዳል። አያ ሀብቱ ሲሳሳቱ የሚታረመው አፑ ነው። በአሥረኛው ሳምንት ሽማግሌው ማንንም ሳይጠይቁ አዘዙና ስልኩን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ማመስገኑንም ረሱት። ማናለብሽ በደስታ የሽመክትን ክንድ ጭምቅ አደረገች።

ሦስት ወሩ አለቀ። ዳንግላ ቋሚ ሥራ ይጠብቃታል። ሽመክት ቦርሳዋን ይዞ መናኸሪያ ሸኛት። ልቡ «አትሂጂ» ይላል፤ ግን በምን አፉ?

«እንግዲህ መልካም መንገድ» አላት።

«መሄዴ ተመቸህ?»

«በጣም ጥሩ ነው… ለአንቺም።»

ማናለብሽ ዝቅ ብላ ወደ ቦርሳዋ አየች።

«እህት፣ ልንወጣ ነው፤ አትገቢም?» አለ ሹፌሩ።

«ምን ላድርግ፣ ሰውዬው ቦርሳዬን አለቅም አለ!»

ሽመክት እጁን አየው። ማንገቻውን ጨምድዶ ይዞታል።

«እወድሻለሁ» አለ። «አትሂጂብኝ።»

«ይህንንም ሳያልቅ ነበር መናገር» አለችው እየሳቀች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ሚኒባሱ ያለ እሷ ወጣ።